ፍሎይድ ሮዝ ልግዛ ወይስ ያለችኝን ላስተካክል?

ጥያቄው ከደሴ ነው፦ «ጋሼ፣ ሠርግ ላይና ቅዳሜ ማታ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያላት ርካሽ ኮፒ ናት። ድምፅ የምታወዛውዘውን የብሪጇን እጀታ በነካሁ ቁጥር ቱኗ ይወጣል። ጓደኞቼ ‹ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ብሪጅ ያለው ግዛና ተገላገል› ይሉኛል። ያገለገለ አንድ አግኝቻለሁ። እሱን ልግዛ? ወይስ የእኔኑ ብሪጅ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት፣ በፍሎይድ ሮዝ ላስቀይር? ቢግስቢስ እንዴት ነው? ብዙውን ጊዜ የምንጫወተው የወሎ ዘፈን ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል። አንዳንዱ ዘፋኝ ደግሞ መድረክ ላይ ‹ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ› ይላል።»

አትግዛ። የራስህንም ብሪጅ አታስቀይር። እንደ አነጋገርህ ከሆነ የጊታርህ በሽታ ብሪጇ ላይ አይመስለኝም።

ጓደኞችህ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። በደንብ የተሠራና በደንብ የተገጠመ ፍሎይድ ሮዝ እጀታውን እንደ ልብህ ብታንገላታውም ቱኑን ይይዛል። የሚይዘው ግን ክሩ በሁለቱም ጫፍ፣ ነቱ ላይም ብሪጁ ላይም፣ በብሎን ስለሚቆለፍ ነው። የተቆለፈ ክር የሚንሸራተትበት ቦታ የለውም። እንግዲህ አንተም መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ያንተ ክር የት ቦታ ላይ ተንሸራቶ እንደሚያዝ ነው።

ይህን ለማወቅ አምስት ሳንቲም አታወጣም። ቲዩነርህን ሰካና ስድስቱንም ክር በደንብ ቃኝ። እጀታውን አንዴ እስከ ታች ተጫን፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ልቀቅ። አሁን ሦስተኛዋን ክር ምታት። ከነበረችበት ከፍ ብላ ከተመለሰች ጥፋቱ ነቱ ላይ ነው። ነት የምልህ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ስድስት ቦይ ያላትን ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። እጀታውን ስትጫን ክሩ ይላላል፣ ትርፉም በነቱ አልፎ ወደ መቃኛው በኩል ይሄዳል። ስትለቀው ያ ትርፍ መመለስ ነበረበት። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ አስቀረው። ስለዚህ ከነቱ ወዲህ ያለው ክር ከልኩ በላይ ተወጥሮ ይቀራል። ክሩን በጣትህ ገፍተህ ሙሉ ድምፅ ከፍ (ቤንድ) አድርገህ ስትመልሰው ዝቅ ብሎ የሚቀር ከሆነም ያው በሽታ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። መቃኛውን ስታዞር «ቲክ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ቱኑ ዘሎ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያሻህም።

ስድስቱም ክሮች በአንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተዛቡ ግን ጥርጣሬው ወደ ብሪጁ ይዞራል። ብሪጁ የሚወዛወዝበት ቦታ ተበልቷል፣ ወይም ብሎኖቹ አለቅጥ ጠብቀዋል። እኔ ጋ «ብሪጇ ተበላሸ» እየተባለ የሚመጣው ኮፒ ጊታር አብዛኛው በሽታው ነቱ ላይ ሆኖ ነው የማገኘው። ርካሽ ጊታር ላይ ቦዩን በቅጡ የሚሞርድልህ ፋብሪካ የለም።

አሁን ወደ ብሪጆቹ እንምጣ። ባለ 9 ክር፣ ማለትም ቀጭኗ 0.009 ኢንች የሆነችው፣ በመደበኛው ቃና ሲወጠር ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ባለ 10 ደግሞ ወደ 47 ኪሎ ይጠጋል። ከጊታሩ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ይህን ጉልበት ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ተንሳፋፊ ብሪጅ የምንለው በእነዚህ ሁለት ጉልበቶች መካከል ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ያለ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስብ። አንዱ ላይ አንዲት ፍሬ ጣል ብታደርግ ሁለቱም ሳህን ይነቃነቃል። አንድ ክር ስትቃኝ የቀሩት አምስቱ ይዛባሉ። አንድ ክር ሲበጠስ አምስቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ ጉድለት ሳይሆን የተንሳፋፊ ብሪጅ ጠባይ ነው። የቱንም ያህል ውድ ብትገዛ አብሮህ ይኖራል።

ያንተ ዓይነቱ ብሪጅ ሊዮ ፌንደር በፈረንጆቹ 1954 ከስትራቶካስተር ጋር ያወጣው ነው። ከፊት በስድስት ብሎን ተደግፎ ይወዛወዛል፣ ከታቹ ከባድ የብረት ብሎክ አለው፣ ከጀርባ እስከ አምስት ሞላ ይይዛል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፌንደር ራሱ ስድስቱን ብሎን ወደ ሁለት ምሰሶ የቀየረበትን አወጣ። ሰበቃው ስለሚቀንስ ለስለስ ያለ ነው። ግን ስድስት ብሎኑም በቅጡ ከተስተካከለ አያሳፍርህም። ዋናው በጎ ጎኑ ሁለት ዓይነት አድርገህ ልትጠቀምበት መቻልህ ነው። ከፈለግህ ታንሳፍፈዋለህ። ከፈለግህ ደግሞ ሞላውን አጥብቀህ እንጨቱ ላይ ታስተኛዋለህ። ሲተኛ እጀታው ወደ ታች ብቻ ይሠራል፤ ወደ ላይ መሳብ አይኖርም። በዚህ ልዋጭ ከሚዛኑ ጣጣ ትገላገላለህ። አንድ ክር ብትቃኝ ሌላው አይነካም። አንድ ክር ቢበጠስም ዘፈኑን ትጨርሳለህ።

ቢግስቢ ከስትራቶካስተሩ በዕድሜ ይቀድማል። ፖል ቢግስቢ የሠራው ሲሆን እጀታው ሥር አንዲት አጭር ወፍራም ሞላ አለችው። እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፣ ድምፁን በእርጋታ ያወዛውዘዋል። መልኩም ደስ ይላል። ቦታው ግን ሆዳቸው ባዶ የሆኑ ጊታሮችና የሌስ ፖል ዓይነቶች ናቸው። ክር ስትቀይር የክሩን ቀለበት ትንሽ ካስማ ላይ አንጠልጥለህ፣ እንዳታመልጥህ በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው መቃኛውን ታዞራለህ። በደብዛዛ መብራት ሞክረውና የምልህ ይገባሃል። ለስትራት ኮፒ አይሆንም፤ እርሳው። በ1958 ጃዝማስተር በተባለው የፌንደር ጊታር ላይ የወጣው ተንሳፋፊ ሥርዓትም ጥሩ ነገር ነው፤ ቀጭን ክር ስታስርበትና ጠንከር አድርገህ ስትመታ ግን ክሩ ከሳድሉ (ብሪጁ ላይ ከሚያርፍበት ቁራጭ) ዘሎ ይወጣል።

ፍሎይድ ሮዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው። ኤዲ ቫን ሄለንን የመሰሉ ጊታሪስቶች ስም አወጡለት። እጀታውን ክሩ ፍሬትቦርዱ ላይ ተልፈስፍሶ እስኪተኛ ተጭነህ ስትለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል። ለሮክና ለሜታል ወደር የለውም። የክሩን ቀለበት በፒንሳ ቆርጠህ፣ ጫፉን ሳድሉ ውስጥ በብሎን ታስረዋለህ። ነቱ ላይም ሦስት መቆለፊያ አለ። ከቆለፍክ በኋላ በመቃኛው መቃኘት አትችልም። ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ማስተካከያዎች ብቻ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ እነሱ ደግሞ የሚጓዙት አጭር ነው።

እስቲ ይህንን ይዘህ ወደ ራስህ ሥራ ና። ወሎ ውስጥ ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው ምን ያደርጋል? መሰንቆውንና ዘፋኙን ይከተላል። አምባሰልን ከዶ ብትጀምረው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ጣዕሙ ያለው ዶ እና ሬ ቤሞል መካከል፣ ሶል እና ላ ቤሞል መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። መሰንቆ ተጫዋቹ እዚያ ጣቱን እያንቀጠቀጠ፣ እየተንሸራተተ ይጫወትባታል። ያቺን ለመኮረጅ የሚያስፈልግህ እንቅስቃሴ ከግማሽ ድምፅ አይበልጥም። ፍሎይድ ሮዝ ግን የተሠራው ኦክታቭ ሙሉ ቁልቁል ለመውረድ ነው። ያን ሁሉ አቅም ትዝታ ላይ ምን ታደርግበታለህ?

የባሰው ሌላ ነው። ትዝታ ስትጫወት አንዷን ክር እንደ ድሮን፣ ሳታቋርጥ፣ እያሰማህ ሌላዋን ቤንድ ታደርጋለህ አይደል? ሁለተኛዋን ክር ለብቻዋ ይዘህ፣ ሦስተኛዋን ሙሉ ድምፅ ገፍተህ ከእሷ ጋር ታገናኛታለህ። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ሦስተኛዋን ስትገፋ ውጥረቱ ይጨምራል፣ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የያዝካት ሁለተኛዋ ክር ትወርዳለች። ሁለቱ ድምፆች እየተፈላለጉ አይገናኙም። አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያጨማድዳል። አንዳንድ ጎበዝ ልጅ ሁለተኛዋንም በትንሹ እየገፋ ያካክሰዋል፤ ግን ማን አስገደደህ? የተኛ ብሪጅ ላይ ይህ ችግር ጭራሽ የለም።

«ከታች ወደ ላይ መሳብስ ይቀርብኛል» ብለህ ከሆነ፣ አይቀርብህም ማለት ይቻላል። ኖታዋን ከመምታትህ በፊት እጀታውን በትንሹ ተጫን፣ ምታ፣ ከዚያ ልቀቅ። ድምፁ ከሥር ተነስቶ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ ዘፋኝ ድምፁን ከሥር አንስቶ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ለባቲ ይህቺ ዘዴ ብዙ ትሠራለች።

ቀጥሎ ዘፋኙ አለ። «ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ሲልህ፣ በፍሎይድ ሮዝ ሦስቱን መቆለፊያ በቁልፍ ትፈታለህ። ስድስቱን ክር ታወርዳለህ። ብሪጁ ወደ ኋላ ስለሚጋደል የመጀመሪያዎቹ ይዛባሉ፤ እንደገና ትጀምራለህ። ሦስት አራት ዙር ሄደህ ስትቆልፈው መቆለፊያው ራሱ ክሩን ትንሽ ያነሳዋል። በትንንሾቹ ማስተካከያዎች ትጨርሳለህ። እስከዚያ ዘፋኙ ማይክ ይዞ አንተን ያያል። ክር የተበጠሰ እንደሆነማ ጉድ ነው። ሙሽሮቹ ዳሱ ውስጥ ሲገቡ አንተ ፒንሳ እየፈለግህ ነው።

የአየሩን ነገርም አትናቀው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷን ታውቀዋለህ። ጠዋት እዚያ ቃኝተህ ቆልፈህ ወደ ባቲ ስትወርድ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል። ቱኑ ይወርዳል። ትንንሾቹ ማስተካከያዎች መጓዝ የሚችሉት ሲያልቅ ዞሮ ዞሮ መቆለፊያውን መፍታት ነው። ፍሎይድ ሮዝ ያላቸው ልጆች ቦታው ደርሰው፣ ጊታሩን ከሻንጣው አውጥተው አየሩን ካስለመዱት በኋላ ነው መቆለፍ ያለባቸው። ከመቆለፋቸው በፊትም ማስተካከያዎቹን መሃል ላይ ያድርጓቸው። ብዙዎቹ ይህን አያደርጉትም፤ ከዚያ ጊታሩን ይሰድባሉ።

የራስህን ጊታር በፍሎይድ ሮዝ ማስቀየር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። እንጨቱ መቦርቦር አለበት። ነቱ ተነቅሎ አንገቱ ጫፍ ተቆርጦ መቆለፊያው ይገጠማል። ሁለቱ ምሰሶዎች ያን ሁሉ ውጥረት ይሸከማሉ። የኮፒ ጊታር እንጨት ብዙ ጊዜ ስስ ጣውላ በሙጫ የተደራረበበት ስለሆነ ምሰሶውን ይዞ የመቆየቱ ነገር አጠራጣሪ ነው። አንዴ ከተቦረቦረ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የጀርባውን ክዳን ክፈት። ሞላዎቹ የተያዙበት ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንጨቱ ላይ ታስሯል። ሦስት ሞላ ካለህ አራት ወይም አምስት አድርጋቸው። መጀመሪያ ክሮቹን አላላ። ከዚያ ሁለቱን ብሎን በካቻቢቴ እኩል እኩል እያጠበቅህ ብሪጁ እንጨቱ ላይ ልጥፍ እስኪል ሂድ። መልሰህ ቃኝ። ሦስተኛዋን ክር ሙሉ ድምፅ ቤንድ አድርግና የብሪጁን ኋላ ተመልከት። ከእንጨቱ ብድግ ካለ ገና ነው፤ ትንሽ ጨምር። ከፊት ካሉት ስድስት ብሎኖች የመሃሎቹን አራት በትንሹ አንሳቸው፣ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ሥራውን ይሥሩ። ሞላ ስትጨምር ዓይንህን አርቅ። በፒንሳ አጥብቀህ ያዘው፤ ካመለጠህ እጅህን ይቆርጣል።

ነቱን እንደ ዋና ሥራ ቁጠረው። ክሩን ከቦዩ አውጣ፣ እርሳስ ቅረጽና የእርሳሱን ጫፍ ቦዩ ውስጥ ደጋግመህ አመላልሰው። ጥቁሩ ብናኝ ያለሰልሰዋል። ይህ ብቻውን የሚያድነው ጊታር አለ። ካልበቃው ቦዩን ማስፋት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ልዩ ቀጫጭን ሞረድ አለ። ከሌለህ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በአሮጌ ክር ላይ ጠቅልለህ ጎንና ጎኑን ብቻ ነካ ነካ አድርገው። ወደ ታች እንዳትቆፍረው። አንዴ ከጠለቀ ክሩ ያለ ጣት ሲመታ የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ይንቀረቀራል፣ መፍትሔውም አዲስ ነት ነው። የጊታሩ ራስ ላይ ክሩን ወደ ታች የምትይዝ ትንሽ ብረት ካለች ሥሯን እርሳስ ቀባት። መቃኛው ላይ ክሩን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ጠምጥም። ስድስት ሰባት ዙር የተጠመጠመ ክር ራሱ እንደ ሞላ ይላላል ይጠብቃል። አዲስ ክር ስታስር በእጅህ ሳብ ሳብ እያደረግህ ቃኘው፣ መውረድ እስኪያቆም ድረስ። ስትቃኝ ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ና። ካለፍከው ዝቅ አድርገህ እንደገና ተነስ።

ገደቡንም ልንገርህ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮፒዋ ፍሎይድ ሮዝ አትሆንም። እጀታውን እስከ ታች ብትደፍቀው ትንሽ መዛባቷ አይቀርም። ለስላሳ ማወዛወዝና እስከ ሙሉ ድምፅ መውረድ ግን በደንብ ትችላለች፤ ያንተ ሥራ የሚጠይቀውም ያንን ነው። የብሪጁ ብሎክ ርካሽ ቅይጥ ብረት ከሆነና ድምፁ ቶሎ የሚሞትብህ ከሆነ ኮምቦልቻ ጥሩ ቶርኖ ቤት አታጣም። አሮጌውን ናሙና ይዘህ ሄደህ ከብረት ማሠራት ይቻላል። የቀዳዳዎቹ ልክ ሳይዛነፍ መውጣት አለበት። ይህ ግን ቅንጦት ነው፤ ነቱ ሳይስተካከል እንዳትጀምረው።

ምን ቢሉህ ያንን ያገለገለውን ጊታር ካልገዛሁ የምትል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ እያየህ ግዛ። ዋናውን ፍሎይድ ሮዝ ጀርመን ያለው ሻለር የተባለ ፋብሪካ ሲሠራው ኖሯል፤ ጠንካራ ብረት ነው። በፈቃድ ተሠራ የሚባለው ግን ከደህና እስከ ቆሻሻ አለው። ርካሾቹ ላይ ብረቱ ለስላሳ ነው። ብሪጁ ምሰሶዎቹን የሚነካበት ቦታ ላይ እንደ ቢላ የሾለ ጠርዝ አለ። በእጅ ባትሪ አብርተህ ጠርዙንም ምሰሶውንም እየው። ከደነዘዘ፣ ከተሸረፈ ወይም ምሰሶው ላይ ጉድጓድ ከሠራ አትንካው። «ቶርኖ ቤት አስስለዋለሁ» እንዳትል፤ ማሽኑ ትንሽ ከበዛበት ሁለቱ ጠርዞች እኩል አይሆኑም። የመቆለፊያዎቹ ብሎኖች ጭንቅላታቸው የተበላ እንደሆነም ተመልከት። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎን ቁልፍ ሲገባባቸው በባዶው ከዞረ ችግር አለ። ሻጩን «እጀታውን ተጫንና ልቀቅ» በለው፤ ከዚያ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ይልቀቅ። በቲዩነር እየው፤ ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቦታ ላይ መመለስ አለበት። ከገዛኸው በኋላ የብሪጁን ከፍታ ክሩ ተወጥሮ እያለ አታስተካክል፣ ጠርዙን ይበላዋል። ክር ስትቀይር አንድ በአንድ ቀይር። የጀርባው ጉድጓድ ውስጥ ብሎኩን የሚደግፍ ልክ የሆነ እንጨት ብታስገባበት ወደ ታች ብቻ የሚሠራ ይሆናል፣ የተበጠሰ ክርም አያስደነግጥህም። ያኔ ግን በነጻ ያለህን ነገር በብዙ ብር መልሰህ ገዛኸው ማለት ነው።

የዘፋኙን ጥያቄ በተመለከተ አብሽር፣ ቀላል መላ አለው። ባለ 10 ክር እሰር። ጊታሯን ለዘለቄታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኛት። ውጥረቱ ወደ 42 ኪሎ ይወርዳል፣ ጣትህም ብዙ ልዩነት አይሰማውም። ወፍራሙ ክር ነቱ ውስጥ እንዳይያዝ ቦዩን አስቀድመህ አስፋ። «አውርዱልኝ» የሚለው ዘፋኝ ሲመጣ እንዳለች ትጫወታለህ። ሌላው ሲመጣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) ታስራለህ። ብሪጁ ስለተኛ ካፖው አያዘነብለውም። ካፖውን ግን ፍሬቱ ጥግ ላይ፣ ሳታጠብቀው እሰረው፤ መሃል ላይ ከሆነና ከጠበቀ ክሮቹን ወደ ላይ ያወጣቸዋል።